ጨዋነት የማን ነው? የታዳጊዎች ራግቢ ሊግና ስፖርታዊ ጨዋነት በታሪክ ዓይን



 የዛሬው ርእሴ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ራግቢ ሊግ በአገራችን ሥር የሰደደ ጨዋታ አይደለም። በሰሜን እንግሊዝ የማዕድንና የፋብሪካ ከተሞች ተወልዶ በአውስትራሊያ፣ በኒውዚላንድ፣ በደቡብ ፈረንሳይና በፓፑዋ ኒው ጊኒ የተስፋፋ ጨዋታ ነው። በእያንዳንዱ ወገን 13 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ የእንቁላል ቅርፅ ያለውን ኳስ በእጃቸው ይዘው ይሮጣሉ፤ በእጅ መቀባበል የሚፈቀድላቸው ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ኋላ ነው፤ ዓላማቸውም ኳሱን ከተጋጣሚያቸው የግብ መስመር ማዶ መሬት ማስነካት ነው። ኳስ የያዘውን ሰው አንቆ ሳይሆን አቅፎ መጣል የጨዋታው ዋና ሥራ ነው። እንዲህ ባለ ጨዋታ ውስጥ፣ በተለይም ተጫዋቾቹ ልጆች ሲሆኑ፣ መከባበር ጌጥ ሳይሆን የአካል ደኅንነት ጉዳይ ይሆናል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላስታውስ።

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት ይህን ጥያቄ በውስጤ የተከለውን አንድ ገጠመኝ ላስቀድም። ከብዙ ዓመታት በፊት ለትምህርት በሰሜን እንግሊዝ ሳለሁ፣ አንድ እሑድ ጠዋት የጎረቤቴን ልጅ ጨዋታ ለማየት ወደ አንድ የሰፈር ሜዳ ሄድኩ። ተጫዋቾቹ የ10 እና የ11 ዓመት ልጆች ነበሩ። ዳኛው ራሱ ከ15 ዓመት የሚያልፍ አይመስልም ነበር። ከሜዳው ጠርዝ ላይ ከጎኔ የቆመ አንድ አባት በአንድ ውሳኔ ተቆጥቶ ብላቴናውን ዳኛ በከባድ ቃል ሰደበው። ዳኛው ፊሽካውን ከአፉ አውርዶ ቀይ ፊቱን ወደ መሬት ደፋ። ልጆቹም ቆሙ። ያን ጊዜ የተፈረደበት ቡድን አምበል ኳሱን አንሥቶ ለዳኛው አቀበለው፤ ጨዋታውም ቀጠለ። እኔ ግን ከተሳዳቢው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሜ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። እንግዳ ነኝ፣ አገሩ የእኔ አይደለም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። የ11 ዓመት ልጅ ያደረገውን እኔ ለምን ማድረግ አቃተኝ? ይህ ንግግር ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው።

መልሱን ከራሳችን ቋንቋ ልጀምር። በአማርኛ «ስፖርታዊ ጨዋነት» እንላለን። «ጨዋ» የሚለው ቃል ግን ብዙ ዘመን ያለፈበት ቃል ነው። በመካከለኛው ዘመን የነገሥታት ዜና መዋዕል ውስጥ ጨዋ የንጉሥ ጭፍራ መጠሪያ ሆኖ ይገኛል። በቤተ ክህነት አነጋገር ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያልተማረ ምእመን ጨዋ ይባላል። በአገሬው አነጋገር ጨዋ ማለት ባሪያ ያልሆነ፣ ዘሩ የታወቀ፣ «የጨዋ ልጅ» ማለት ነበር። ዛሬ ግን አንድን ሰው ጨዋ ስንል አያቱን አንጠይቅም፤ ጠባዩን እንመሰክራለን። ቃሉ ከትውልድ ወደ ምግባር ተሻግሯል፤ የቀድሞው ጥላ ግን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀውም። የእንግሊዞቹ «ጀንትልማን» የሚለው ቃልም በዚሁ መንገድ ተጉዟል። የራግቢ ሊግ ታሪክ በእኔ አስተያየት ስለዚህ መሻገር የተደረገ ክርክር ታሪክ ነው፤ ጨዋነት በትውልድ የሚወረስ ነውን? ወይስ ለማንም ልጅ ሊሠራለትና ሊማረው የሚችል ነገር ነው?

ክርክሩ የተጠነሰሰው በአንድ ትምህርት ቤት ነው። ቶማስ አርኖልድ ከ1828 እስከ 1842 የራግቢ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነበር። እርሱ ራሱ ለኳስ ጨዋታ ያን ያህል ግድ ያለው ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ተማሪው ቶማስ ሂዩዝ በ1857 ያሳተመው «የቶም ብራውን የትምህርት ቤት ዘመን» የተባለው ልብ ወለድ፣ ጨዋታ ሰውነትን ብቻ ሳይሆን ጠባይንም ይቀርፃል የሚለውን እምነት በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ሁሉ አሠራጨው። ዛሬ በየትኛውም አገር ልጆችን ወደ ሜዳ ስንልክ «ስፖርት ሥነ ምግባር ያስተምራል» የምንለው፣ ብናውቀውም ባናውቀውም፣ ከዚያ መጽሐፍ ዕዳ አለብን።

በትምህርት ቤቱ ተማሪዎች በ1845 የተጻፈው ሕግ ግን ሌላ ነገር ይነግረናል። በዚያ ሕግ መሠረት ክርክር ሲነሣ የሚፈርዱት የሁለቱ ወገን አለቆች ወይም እነርሱ የወከሏቸው ሰዎች ነበሩ። ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ዳኛ አልነበረም። ለምን? ተጫዋቾቹ ሁሉ የአንድ መደብ ልጆች ስለነበሩ ነው። አንዱ የሌላውን ቃል የሚያምነው አባቱን ስለሚያውቀው ነበር። ይህ ጨዋነት ደግሞ አለመጎዳዳት ማለት አልነበረም። የባላጋራን ቅልጥም በጫማ መምታት የተፈቀደ ነበር፤ የተከለከለው የራግቢ ፉትቦል ዩኒየን በ1871 ተመሥርቶ የራሱን ሕግ ሲያወጣ ነው። እንግዲህ ያ የድሮው ጨዋነት በእኩዮች መካከል የሚሠራ የክብር ውል እንጂ ለደካማው የተዘረጋ ጥበቃ አልነበረም።

ጨዋታው ከትምህርት ቤቱ አጥር ወጥቶ ወደ ዮርክሽርና ወደ ላንካሽር ሲደርስ ውሉ ተፈተነ። በ1850 የወጣው የፋብሪካ ሕግ ሴቶችና ወጣት ሠራተኞች ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ እንዳይሠሩ ደንግጎ ነበር፤ ከጊዜ በኋላ የቅዳሜ ከሰዓት ዕረፍት ለብዙው ሠራተኛ ተዳረሰ፤ ያ ዕረፍትም የኳስ ሰዓት ሆነ። ይሁን እንጂ ራቅ ወዳለ ከተማ ሄዶ ለመጫወት ሠራተኛው የቅዳሜን ጠዋት ሥራ መተው ነበረበት፤ ያልሠራበት ደግሞ አይከፈለውም። የዩኒየኑ መሪዎች በ1886 ለተጫዋች ማናቸውም ክፍያ እንዳይሰጥ ከልክለዋል። የሰሜኖቹ ክለቦች በ1893 በለንደን በተደረገው ጠቅላላ ጉባኤ፣ ተጫዋቹ የቀረበትን የቀን ሙያ ክፍያ ብቻ እንዲተኩለት ጠየቁ። ጥያቄው 282 ለ136 በሆነ ድምፅ ተሸነፈ።

ክልከላው የቀረበው በጨዋነት ስም መሆኑን ልብ በሉልኝ። ለገንዘብ የሚጫወት ለክብር አይጫወትም፤ ክብር የሌለው ደግሞ ሕግ ያፈርሳል የሚል ነበር ክርክሩ። ቅዳሜ ጠዋት ሥራ የማይገባ ሰው ይህን ለማለት ምንም አያስከፍለውም። ሶሺዮሎጂስቶቹ ኤሪክ ደኒንግና ኬኔት ሺርድ በ1979፣ የታሪክ ምሁሩ ቶኒ ኮሊንስ በ1998 ባሳተሟቸው ጥናቶች፣ በአተያይ ቢለያዩም፣ ጠቡ ከመደብ ጋር የተሳሰረ መሆኑን አሳይተዋል።

ነሐሴ 29 ቀን 1895 ከ20 የሚበልጡ የሰሜን ክለቦች በሀደርስፊልድ ከተማ ጆርጅ ሆቴል ተሰብስበው የሰሜን ዩኒየንን መሠረቱ። ለቀረበት የሥራ ቀን ለተጫዋች የፈቀዱት ከፍተኛው ክፍያ 6 ሽልንግ ነበር። ድርጅቱ በ1922 የራግቢ ፉትቦል ሊግ ተባለ። የሚገርመው ደግሞ በዚያው በ1895 የራግቢ ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የጨዋታውን ምንጭ ለማጣራት ምርመራ መጀመሩ ነው። ምርመራው ዊልያም ዌብ ኤሊስ የተባለ ተማሪ በ1823 ኳስ በእጁ አንሥቶ ሮጠ የሚለውን፣ ማስረጃው እጅግ የሳሳ አፈ ታሪክ አጸና። ጨዋታው የእኛ ነው ለማለት የትውልድ ሐረግ አስፈልጎ ነበርና። በትምህርት ቤቱ የቆመው የመታሰቢያ ጽሑፍ ልጁን የሚያሞግሰው የዘመኑን ሕግ ስለናቀ ነው። የትምህርት ቤቱ ልጅ ሕግ ሲጥስ ፈጠራ ተባለ፤ የማዕድን ቆፋሪው 6 ሽልንግ ሲቀበል ግን ብልግና ተባለ።

ቅጣቱም ረጅም ነበር። በሊግ የተጫወተ ሰው ከዩኒየን ጨዋታ እንዲታገድ ተደረገ፤ ዩኒየን ራሱ ለክፍያ በሩን የከፈተው በ1995፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። በፈረንሳይ ደግሞ የቪሺ መንግሥት በ1941 ራግቢ ሊግን አግዶ ንብረቱን ወረሰ። ሆኖም የሊጉን ሰዎች ቅዱሳን አድርጌ ልሥላቸው አልፈልግም። እነርሱም በ1898 ተጫዋች ሁሉ ቋሚ ሥራ እንዲኖረው የሚያስገድድ ጥብቅ ደንብ አውጥተው ነበር፤ «ሥራ ፈት» የሚሉትን ከሜዳቸው ለማራቅ ፈልገዋል። የተናቀ ሰው የሚንቀውን መፈለጉ አዲስ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ እመጣለሁ። የሊጉ ሰዎች በትውልድ ክብር መተማመን ስላልቻሉ መከባበርን በጨዋታው ሕግ ውስጥ መሥራት ነበረባቸው። ሦስት ምሳሌዎች ልጥቀስ።

የመጀመሪያው የ1906 ለውጥ ነው። የተጫዋቾች ቁጥር ከ15 ወደ 13 ዝቅ አለ፤ የወደቀ ተጫዋች ኳሱን መልሶ የሚያስጀምርበት ሥርዓትም ገባ። የጣለው ሰው ይለቀዋል፤ የወደቀው በእግሩ ይቆማል፤ ኳሱን በእግሩ ወደ ኋላ ይሰዳል። የለውጡ ዓላማ ጨዋታውን ማፍጠን እንጂ ስብከት አልነበረም። ውጤቱ ግን በአንድ ጨዋታ ውስጥ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ አንዱ ሌላውን ጥሎ እንዲነሣ የሚተውበት ሥርዓት ነው። በእርግጥ ብዙው ማጭበርበርም የሚፈጸመው እዚያው ላይ ነው፤ የጣለው ለአንዲት ቅጽበት ሊያቆየው ይፈልጋልና። ስለዚህ ልጅ ራግቢ ሊግ ሲማር ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው መልቀቅን ነው ብል አላጋነንኩም።

ሁለተኛው የመያዝ ገደብ ነው። ቀድሞ አንድ ቡድን ኳሱን እስካልሳተ ድረስ ላልተወሰነ ጊዜ ይዞት ይቆይ ነበር። በእንግሊዝ በ1966 አራት ጊዜ ከተያዘ በኋላ እንዲለቅ ተደነገገ፤ በ1972 ወደ ስድስት ከፍ አለ። ጉልበተኛው ኳሱን ለብቻው እንዳይዝ፣ ተራ እንዲደርስ ሕጉ አስገደደ።

ሦስተኛው ለ10 ደቂቃ ከሜዳ የመውጣት ቅጣት ነው፤ በአውስትራሊያ በ1981፣ በብሪታንያ በ1983 ተጀመረ። ከዚያ በፊት ዳኛው በእጁ የነበረው ተግሣጽ ወይም ሙሉ ስንብት ነበር። አዲሱ ቅጣት ቁጣ የሚያልፍ ነገር መሆኑን ተቀበለ፤ ሰውየውን ሳይጥል ንዴቱን የሚያበርድበት ጊዜ ሰጠው። እነዚህ ሕጎች ለአዋቂዎች የወጡ ናቸው፤ ወደ ልጆች ሜዳ ሲወርዱ ግን እያንዳንዳቸው ትምህርት ሆነዋል።

ሕግ ብቻውን ግን ሰው አያደርግም የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ትክክልም ነው። ስለዚህ ከሊጉ ትዝታ ሁለት ሥዕሎችን ላቅርብ። በ1963 በሲድኒ የፍጻሜ ጨዋታ ሴንት ጆርጅ ዌስተርን ሰበርብስን 8 ለ3 አሸነፈ። ሜዳው ጭቃ ነበር። ግዙፉ ኖርም ፕሮቫንና አጭሩ አርተር ሰመንስ፣ የሁለቱ ቡድኖች አለቆች፣ በጭቃ ተለውሰው ተቃቅፈው ሲወጡ ጆን ኦግሬዲ የተባለ ጋዜጠኛ ፎቶ አነሣቸው። ያ ፎቶ በኋላ በነሐስ ተቀርጾ የአውስትራሊያ ሻምፒዮና ዋንጫ ሆነ፤ ከ2013 ጀምሮም በስማቸው ይጠራል። ብዙ ሰው የማያስተውለው፣ ሰመንስ በዚያች ቅጽበት ደስተኛ አለመሆኑን ነው። በዳኝነቱ አጥብቆ ያዘነ ሰው ነበር፤ ቅሬታውንም በኋላ ዘመኑ ተናግሮታል። እኔ ፎቶውን የምወደው በዚሁ ምክንያት ነው። መከባበር ቅሬታ የሌለበት ልብ አይደለም። ቅሬታውን ይዞ ማቀፍ መቻል ነው።

ሁለተኛው ሥዕል የ1968 የዌምብሊ ፍጻሜ ነው። ከባድ ዝናብ ሜዳውን አጥለቅልቆት ነበር። ሊድስ በዌክፊልድ ትሪኒቲ ላይ 11 ለ10 እየመራ ሳለ፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ ዶን ፎክስ ከግቡ ምሰሶዎች ፊት ለፊት የሚመታ ቀላል ኳስ ተሰጠው፤ ቢያስቆጥር ዌክፊልድ ያሸንፍ ነበር። ሳተው፤ በጭቃው ላይም ተንበረከከ። የጨዋታው ኮከብ ተብሎ የተመረጠው ግን ያው ዶን ፎክስ ነበር። የቴሌቪዥን ተራኪው ኤዲ ዋሪንግም አልዘለፈውም፤ አዘነለት። ልጅ በሜዳ ሲሳሳት ከጠርዝ የምንጮህ አዋቂዎች ይህን ብናስታውስ መልካም ነው፤ በዚያ ቀን ከሜዳው የበለጠ ሰውና የመጨረሻውን ኳስ የሳተው ሰው አንድ ነበሩ።

መከባበር ለማን እንደሚገባ የሚነሣው ጥያቄም አብሮ መታየት አለበት። ክላይቭ ሱሊቫን በ1972 ታላቋ ብሪታንያን እየመራ የዓለም ዋንጫን አሸነፈ፤ ጥቁር ሰው የብሪታንያን ብሔራዊ ቡድን በአምበልነት ሲመራ በየትኛውም ስፖርት ታይቶ አይታወቅም ነበር። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1973፣ አርተር ቢትሰን የአውስትራሊያን ብሔራዊ ቡድን በአምበልነት የመራ የመጀመሪያው የአገሬው ነባር ሕዝብ ተወላጅ ሆነ። ይህ ማለት ከሜዳው ጠርዝ የዘር ስድብ ጠፋ ማለት አይደለም። ይሁን እንጂ የሀል ከተማ ልጅ ወደ ከተማው የሚያስገባውን በሱሊቫን ስም የተሰየመ ጎዳና ይዞ ሲጓዝ፣ «የጨዋ ልጅ» ማን እንደሆነ የሚማረው ከትውልድ መዝገብ አይደለም።

እንግዲህ የዛሬው የታዳጊዎች ራግቢ ሊግ በዚህ ታሪክ ላይ የቆመ ነው። ትንንሾቹ ልጆች በጠበበ ሜዳ፣ በጥቂት ተጫዋች ይጫወታሉ፤ በዝቅተኛው የዕድሜ እርከን የደረጃ ሰንጠረዥ እንዳይኖር ይደረጋል። ወላጆች የሥነ ምግባር ደንብ ይፈርማሉ። በእንግሊዝም በአውስትራሊያም ሰደርያ የለበሰ ሰው በሜዳው ጠርዝ ይቆማል፤ ሥራው ጨዋታውን ሳይሆን ተመልካቹን መጠበቅ ነው። ይህ ሹመት የሚነግረን ትልቅ ነገር አለ። በልጆች ሜዳ ላይ አስታራቂ ያስፈለገው ለልጆቹ ሳይሆን ለአባቶቻቸውና ለእናቶቻቸው ሆኗል።

እዚህ ላይ ራሴን የምጠይቀው አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። ይህ ሁሉ ደንብ ያ የ1886 ክልከላ በሌላ ልብስ የተመለሰ ቢሆንስ? ከላይ ያሉት ከታች ያሉትን «ሥርዓት ያዙ» የሚሉበት መሣሪያ ቢሆንስ? ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። «አክብሮት» የሚለው ቃል አለቃን ላለመጠየቅ መሸፈኛ ሲሆን አይተናል። በእኔ አስተያየት መለያው ይህ ነው፤ ደንቡ ማንን ይጠብቃል? የ1886ቱ ደንብ የጠበቀው ጠንካራውን ነበር። በሜዳው ጠርዝ የቆመው ባለሰደርያ የሚጠብቀው ግን የ15 ዓመቱን ዳኛ፣ ኳስ የጣለውን ልጅ፣ በቡድኑ ውስጥ በጉልበት የሚያንሰውን ነው። ደንብ ደካማውን በሚጠብቅበት ጊዜ ጨዋነት ነው፤ የባለሥልጣኑን ጆሮ ብቻ በሚጠብቅበት ጊዜ ግን የድሮው የትውልድ ኩራት ነው።

እኛም ከዚህ ሩቅ አይደለንም። በገና ጨዋታ ጌታ እንደማይቆጣ የሚነገረውን ብሂል ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። አባቶቻችን ለአንድ ቀን ማዕረግን አስቀምጠው ሎሌ ጌታውን በዱላ እንዲገጥም ፈቅደዋል። ጥበብ አለበት፤ ግን የአንድ ቀን ጥበብ ነው፤ በማግሥቱ ጌታው ጌታ ነበር። በየሰፈሩ ባሉት የታዳጊ ፕሮጀክቶች የምናሠለጥናቸው ልጆች የሚያስፈልጋቸው በየሳምንቱ የሚሠራ፣ ተጽፎ የሚታወቅ፣ አሠልጣኙንና ወላጁንም የሚያስር ሥርዓት ነው።

ወደዚያ እሑድ ጠዋት ልመለስ። ኳሱን አንሥቶ ለዳኛው የሰጠው ልጅ ከእኔ ይልቅ ደፋር ነበር ብዬ ለብዙ ጊዜ አምን ነበር። በኋላ የጨዋታውን ሥርዓት ሳጠና ሌላ ነገር ተረዳሁ። በዚያ ጨዋታ ዳኛን ማነጋገር የአምበሉ ሥራ ነው፤ ሌላው ዝም ይላል። ልጁ ነገር ሲበላሽ ምን ማድረግ እንዳለበት፣ ማንስ ማድረግ እንዳለበት ያውቅ ነበር። ቦታ ተሰጥቶታል፤ ቦታውን ሞላ። እኔ ተመልካች ነበርኩ፤ የተመልካች ሥራ ምን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ይህን የምለው ራሴን ነጻ ለማውጣት አይደለም፤ ሥርዓት ባይኖርም አንድ ቃል መናገር ይቻል ነበር። ነገር ግን ልጆችን ጨዋ ሁኑ እያልን ከመምከራችን በፊት፣ ጨዋነት የሚሠራበትን ቦታ አዘጋጅተንላቸው እንደሆነ፣ እኛም በጠርዙ ላይ የራሳችንን ቦታ እናውቅ እንደሆነ መጠየቅ ይገባናል። የሀደርስፊልዱ ስብሰባ ከተደረገ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። «ጨዋነት የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ግን በየሳምንቱ፣ በየሰፈሩ ሜዳ፣ ፊሽካ በተነፋ ቁጥር ይነሣል።